የእንሰት ጉድጓድና የኬሚስትሪ ታሪክ

ሥራ ከስሙ ቀድሞ ይገኛል። ሰው የቃጠሎን ምክንያት ከመመርመሩ አስቀድሞ በእሳት ሲያበስልና ብረት ሲያቀልጥ ኖሯል። ስለዚህ የኬሚስትሪንና የፊዚክስን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሊቃውንቱን ስም ብቻ ቢዘረዝር የታሪኩን እኩሌታ እንደ ተወ ሊቈጠር ይገባል። ለዚህ አሳብ ማስረጃ እንዲሆነን፣ ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ በጋሞ ደጋ ላይ ያለችውን ገረሴንና የአካባቢዋን የእንሰት ጓሮ እንመልከት።

በጋሞ ደጋ የእንሰት አዘገጃጀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይሁን እንጂ ሁለት ሥራዎች በሁሉም ዘንድ አሉ፤ እነርሱም ግንዱን መፋቅና የተፋቀውን በጉድጓድ ወይም በቀርከሃ ቅርጫት አኑሮ ማብላላት ናቸው። ሥራውን የሚሠሩት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ከእንሰቱ የተጨመቀው ፈሳሽ ሲቀመጥ ነጭ ዝቃጭ ከታች ይረጋል፤ ይህም ቡላ ነው። የስታርች ቅንጣት ከእኩል ይዘት ውሃ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ የምድር ስበት ወደ ታች ይስበዋል። የተፋቀውም በቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ሲጫንበት፣ የድንጋዩ ክብደት ግፊት ሆኖ በመካከል ያለውን አየር ያስወጣል። ይህ ፊዚክስ ነው።

ከዚያ በኋላ ኬሚስትሪው ይጀምራል። ዓመታቱን እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ስንናገር፣ በ1780 ሼሌ የተባለው የስዊድን አገር መድኃኒት ቀማሚ ከኮመጠጠ ወተት ላክቲክ አሲድን ለይቶ አወጣ። በ1857 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ይህን መኮምጠጥ የሚያመጡት ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን ገለጠ። በ1909 ደግሞ የዴንማርኩ ሶረንሰን የአሲድን ብርታት በቍጥር የሚለካውን ፒኤች የተባለውን መለኪያ አበጀ። በዚህ መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ሲሆን በሚገባ የበሰለ ቆጮ ወደ 4 ይጠጋል። አንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ ስለ ሆነ፣ የሦስት ደረጃ ልዩነት ማለት አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅግ አገር የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋሞ ደጋ የሚብላላውን እንሰት ሁለት ወር ሙሉ እየለኩ ተከታትለው ውጤቱን በ2018 አሳትመዋል። አሲዱ እየበረታ መሄዱን አገኙ። እነዚያ እናቶች ጉድጓዱን ከድነው በትዕግሥት የሚጠብቁት ነገር ይህ ነበር።

ታዲያ ይህን የምንጽፈው «ሁሉን አስቀድመን እናውቅ ነበር» ለማለት አይደለም። ልማድ ብቻውን የማይደርስበት ቦታ አለ። በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን አስታወቁ። በሽታው በታመመ ተክል ላይ በዋለ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ጓሮን ያድናል። ዓይን የማያየውን ጠላት ያለ ሳይንስ ማን ሊያውቀው ይችል ነበር?

እንግዲህ ሁለቱ ዕውቀቶች መገናኘት አለባቸው፤ የሚገናኙትም በትምህርት ቤት ነው። ስለ አሲድ የተጻፈውን በቃሉ የሚወጣ፣ ነገር ግን በእናቱ ጓሮ ያለውን አሲድ የማያውቅ ልጅ፣ ትምህርቱ የሌላ አገር ወሬ ይሆንበታል፤ ይባስ ብሎም የእናቱን ሥራ መናቅ ይጀምራል። መምህሩ ግን ትምህርቱን ከጉድጓዱ ቢጀምርለት፣ ልጁ የሼሌንና የፓስተርን ስም ሲሰማ የሚያውቀውን ነገር ያስረዱት ሰዎች መሆናቸውን ይገነዘባል፤ ነገም ቢላዋውን ለምን በእሳት እንደሚለበልብ ለእናቱ ሊያስረዳ ይችላል።