የሲራራ ነጋዴ የመንገድ ዕቃና የዕድሜው ልክ

ስለ ኢትዮጵያ የሩቅ መንገድ ንግድ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው ስለ ሸቀጡ፥ ስለ ቀረጡና ስለ ገበያው የሚናገር ነው። ጨው፥ ቡና፥ ዝባድ፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፥ ከዚህም ጋር በግፍ ተይዞ የሚሸጠው ሰው፥ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደ ተወሰዱ በዝርዝር ተጽፏል። ሸቀጡ የተቋጠረበት ስልቻ፥ ጭነቱ የታሰረበት መጫኛ፥ ነጋዴው የለበሰው ልብስ ግን እምብዛም አልተነገረላቸውም። ይሁን እንጂ ወራትን በሚፈጅ ጉዞ የነጋዴው ትርፍ የሚወሰነው በገበያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፥ ዕቃው እስከ መንገዱ መጨረሻ በመዝለቁም ጭምር ነበር።

የመንገዱን ርዝመት ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር ከምጽዋ አጠገብ ካለችው ከሕርጊጎ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በ1770 በየካቲት ወር ነው፤ ሦስት ወር ፈጅቶበታል። የጠራንታን ተራራ በወጣ ጊዜም እጁና ጉልበቱ በድንጋይ እንደ ተላላጠ፥ ፊቱም በእሾህ እንደ ተቧጨረ ጽፏል። ጎንደር ደግሞ የመንገዱ መካከል እንጂ መጨረሻው አልነበረም። ከዚያ ወደ ጎጃም ወርዶ በባሶ ገበያ በኩል ዐባይን ተሻግሮ እስከ ግቤ አገሮች ድረስ የሚዘልቅ ነጋዴ ነበር። ቅፍለቱ በየኬላው ይቆማል፤ ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላም ጉዞው ይቋረጣል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ዋናው የዕቃ መሥሪያ ቆዳ ነበር። እህሉ በስልቻና በአቁማዳ ይያዛል፤ ስንቁ በቆዳ በተለበጠ አገልግል ይቀመጣል፤ መኝታው ቁርበት ነው። ወንዝ ሲያጋጥም ሸቀጡ በጀንዲ ተጠቅልሎ በውኃው ላይ እየተገፋ ይሻገራል፤ ዋናተኛውም የተነፋ ስልቻ ይደገፋል። ለቆዳ ማልፊያ ከሚያገለግሉት ዕፅዋት መካከል የእንቧይ ፍሬና ቀንጠፋ ይገኛሉ። ይህ ቀንጠፋ የመንገደኛን ልብስ በእሾሁ የሚቀድ ያው ቀንጠፋ ነው። ብሩስ እንደ ጻፈው፥ የዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ልብስ በቀንጠፋ እሾህ ስለ ተያዘ፥ መንገዱን አላስመነጠረም የተባለው የአገሩ ሹም ከልጆቹ ጋር ተሰቅሏል። ልብስን የሚያጠፋው ተክል ቆዳን የሚያጸና መድኃኒትም ሆኖ ተገኝቷል።

ከቆዳው ዕቃ ሁሉ ፈጥኖ የሚያልቀው መጫኛው ነበር። ቅፍለት በየንጋቱ ይጫናል፥ በሰፈረበት ቦታ ሁሉ ይራገፋል፤ ስለዚህ መጫኛው በየቀኑ ይታሰራል፥ ይፈታል። ያልለፋ ጠፍር በዝናብ ሲርስ ይለጠጥና ጭነቱ ይላላል፤ በፀሐይ ሲደርቅም ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። የላላ ጭነት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ድልድሉን ያንሸራትታል፤ አጋሰሱም ገጣባ ይሆናል። ገጣባ የሆነ አጋሰስ ጭነት አይችልም፤ ጭነቱም ለሌሎቹ ሲከፋፈል እነርሱም በተራቸው ይጎዳሉ። አንድ ክንድ ጠፍር የቅፍለትን ኪሳራ ሊያስከትል የሚችለው በዚህ ዓይነት ነው። ስለሆነም ቆዳውን በየጊዜው ቅቤ ወይም ሞራ ማጠጣት ከነጋዴው አገልጋዮች ሥራ አንዱ ነበር።

ልብሱም እንደዚሁ በደረጃ ያልቃል። የጥጥ ሸማ ቀላልና የሚታጠብ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል፥ በእሾህም ይቀደዳል። ለደጋ ብርድና ለካፊያ የሚሻለው ከበግ ጠጉር የሚሠራው በርኖስ ወይም የመንዝ ባና ነበር፤ ክብደቱ ግን ለእግረኛ ሸክም ነው። የተቀደደው ሸማ ይጣፋል፤ መጣፉ አላዋጣ ሲል የዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ያረጀ ስልቻም ተተልትሎ የሌላው ስልቻ መጠገኛና ማሰሪያ ይሆናል። እንግዲህ የዕቃው ዕድሜ የተመካው በአዲስነቱ ጥንካሬ ሳይሆን በየደረሰበት አገር ለመጠገን በመቻሉ ነው። የሚጠገንበት ቆዳ በየመንደሩ ይታረዳል፤ የሚጠግነውም ሰው በየአውራጃው አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ያ ሰው የተናቀ ነበር። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደባል፤ በብዙ ስፍራም ከባላገሩ ጋር በጋብቻ አይገናኝም። የነጋዴው ሀብት በእርሱ ስፌት ተቋጥሮ ባሕር ሲደርስ፥ እርሱ በመንደር ዳር ይቀራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ በአዋጁም ፈጽሞ አልጠፋም።

ከመንገዱ ዕቃ ሁሉ ለመጠገን የማይቻለው እግር ነበር። አብዛኛው እግረኛ በባዶ እግሩ ይጓዝ ነበር፤ ለእሾህ ማውጫ ወረንጦ ይይዛል። ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሦስት ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስም እንደ አገሬው ያለ ጫማ መሄድን ለምዶ ነበር። የጠነከረ ውስጥ እግር ከጫማ እንደሚበልጥ በባላገሩም ሆነ በእንግዶች ዘንድ ሲታመን ኖሯል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፥ በደጋው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣቱ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ ለዘመናት ዝሆኔ ሲባል የኖረውን የእግር እብጠት እንደሚያመጣ አስረዳ። በሽታው በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እንደ ያዘ ይገመታል፤ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል። የማያልቅ ተብሎ የተቆጠረው እግር ቀስ በቀስ፥ በዝምታ ሲያልቅ ኖሯል።

የምድር ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰና ከ1936 በኋላ የመኪና መንገዶች ከበዙ ወዲህ የሲራራ ንግድ እየተዳከመ ሄደ። የመኪናው ጎማ ሲያረጅ ተቆርጦ በረባሶ ሆነ፤ ድሀውም ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ርካሽ ጫማ አገኘ። በቤተ መዘክር ብዙ ጊዜ የሚታየው በብርና በወርቅ ያጌጠው የመኳንንት ኮርቻ ነው፤ መቶ ጊዜ የተጣፈው ስልቻ ግን እስኪበጣጠስ ስላገለገለ ለቤተ መዘክር የሚተርፍ አካል አልነበረውም። በየገጠሩ ጎተራ ጥግ የተረሳ አሮጌ አቁማዳ ቢገኝ ስፌቱንና ጥፉን መመርመር ይገባል፤ የያዘውን ሸቀጥ መዝገብ ይናገርለታል፥ የሰፋውን እጅ ግን ከስፌቱ በቀር የሚያስታውስ የለም።