የጭቃ ቤትና የክረምት እርጥበት በማዕከላዊው የኢትዮጵያ ደጋ

በማዕከላዊው የኢትዮጵያ ደጋ ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ወራት በመሆኑ፣ የአካባቢው የቤት አሠራር ታሪክ በከፊል ውሃን ከግድግዳና ከጣሪያ የማራቅ ታሪክ ነው። ጭቃ፣ እንጨትና ሣር ሦስቱም በእርጥበት የሚጎዱ ሆነው ሳሉ ቤቱ ብዙ ክረምት የሚሻገረው አሠራሩ ከየዓመቱ ጥገና ጋር የተሳሰረ ስለ ነበር ነው፤ ይህ ትስስር በላላ ጊዜ ደግሞ አዲስ የመጣው የግንባታ ዕቃ የቱንም ያህል ቢጠነክር እርጥበትን ብቻውን ሊመክት አልቻለም።

በክቡ ሣር ቤት የመጀመሪያው መከላከያ ክዳኑ ነበር። ሣር ውሃን የሚያወርደው ተዳፋት ሲያገኝ ስለሆነ ክዳኑ ሾጠጥ ተደርጎ ይሠራል፤ ጠርዙም ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጠፈጠፉን፣ ማለትም ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ ከግድግዳው ሥር ያርቃል፤ በዙሪያው የሚቆፈረው ቦይም ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ ይመራዋል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ በሣሩ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ክዳኑን ያደርቀዋል፣ ተባይም ያርቅለታል፤ በአንጻሩ የነዋሪውን ዓይንና ሳንባ ይጎዳ ነበር።

ግድግዳው በቋሚ እንጨትና በማገር፣ ማለትም በአግድም በሚታሠር ቀጭን እንጨት፣ ይዋቀርና በጭቃ ይመረጋል። ለምርጊቱ አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ ለቀናት ይከርማል፤ ጭዱም ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ያያይዘዋል። እንዲህ ያለው ግድግዳ በክረምት የሳበውን እርጥበት በበጋ መልሶ ይተፋል። ደካማው ቦታ መሬት የሚነካው የቋሚው እግር በመሆኑ፣ ብስባሴንና ምስጥን የሚቋቋሙት ጽድና ወይራ ይመረጡ ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት የሳሳው ክዳን ይጠገናል፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይለሰናል፣ የተደፈነው ቦይ ይጠረጋል፤ ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ የሆነው ሥራም በደቦ ይሠራ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሁለት ነገሮች ይህን አሠራር ለወጡት። አንደኛው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ በማደጉ የከተማዋን የእንጨት ችግር ቢያቃልልም እግሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ እንደ ጽድ አይቆይም። ሁለተኛው ቆርቆሮ ሲሆን፣ የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ ማጓጓዙን አቀለለው። ቆርቆሮ ዝናብን ከሣር በተሻለ ይከላከላል፣ የእሳትንም ሥጋት ይቀንሳል፤ ሆኖም ሌሊት በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ በቤቱ አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ከሥሩ ወደ ጠብታነት ተለውጦ ይንጠባጠባል። ምድጃውም ወደ ማድ ቤት በመውጣቱ ነዋሪው ከጭሱ ሲገላገል፣ ዋናው ቤት ግን የየዕለት ማድረቂያውን አጣ። የቆርቆሮው ጠርዝ ባጠረበትና ውሃውን የሚሰበስብ አሸንዳ ባልተገጠመበት ቤት ደግሞ፣ በኃይል የሚወርደው ውሃ ከመሬት እየተፈናጠረ የግድግዳውን ሥር ይሸረሽራል። ሲሚንቶ ከተለመደ በኋላ በጭቃው ላይ የተለሰነው ሽፋንም መፍትሔ ቢመስልም፣ ጭቃው በእርጥበት ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባውም ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

ጥገናውን ከሁሉ በላይ ያናጋው ግን የባለቤትነት ለውጥ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ብዙዎቹም ከጭቃ የተሠሩ ነበሩ። ዝቅተኛው ኪራይ ደኃውን ተከራይ ቢጠቅምም ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አላስገኘም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ለማፍሰስ ያመነታ ነበር። በዚህም ምክንያት በየክረምቱ የላላው ምርጊትና የበሰበሰው ቋሚ ሳይተካ እየቀረ፣ የመሐል ከተማ ሰፈሮች ለዓመታት አረጁ።

ስለዚህ የእነዚህን ቤቶች መጎሳቆል ለጭቃው ባሕርይ ብቻ መስጠት ታሪኩን ማጉደል ነው። ከድንጋይ መሠረት፣ ከሰፊ ጠርዝና ከንጹሕ ቦይ ጋር በየዓመቱ የሚጠግነው እጅ ያልተለየው የጭቃ ቤት ክረምትን ይቋቋማል፤ ማንም ኃላፊነቱን የማይወስድለት ቤት ግን ከብሎኬት ቢሠራም ከእርጥበት አይድንም።