ኮረንቲና ቮልቴጅ፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ የገቡ የሁለት ቃላት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የሚገለገልበትን የኤሌክትሪክ መማሪያ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተጠይቀን ነበር። መማሪያው በጥገና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ፓወር ሳፕላይና መልቲሜትር ያለ አደጋ አገናኝቶ ለሥራ ማዘጋጀትን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ስለ ነበረ ሥራው ቀላል መሰለን። ለሠልጣኙም እንዲቀልለት በማሰብ፣ የምንጩ ጽሑፍ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላትን በተጠቀመበት ስፍራ ሁሉ እኛ ሕዝብ የሚያውቀውን አንዱን ቃል፣ ማለትም «ኮረንቲ»ን፣ አስገባን። በአንዱ ገጽ ላይ፣ ኮረንቲ ለመለካት ቀዩን ሽቦ የአምፔር ምልክት ባለበት ቀዳዳ አስገባ፣ አልን። ጥቂት ገጾች አልፈን ደግሞ፣ የባትሪውን ኮረንቲ ለካ፣ ብለን ጻፍን። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ልንል የፈለግነው ቮልቴጅን ነበር።

አንድ ሠልጣኝ የተጻፈውን ቃል በቃል ፈጸመ። ቀዩን ሽቦ በአምፔሩ ቀዳዳ እንደ ሰካ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በመጀመሪያ በፓወር ሳፕላዩ ሁለት መውጫዎች ላይ አሳረፈ። ፓወር ሳፕላዩ ከግማሽ አምፔር በላይ እንዳይሰጥ ተወስኖ ስለ ነበር የተቃጠለ ነገር የለም፤ የቮልቱ አኀዝ ብቻ ወደ ዜሮ ወረደ። ልጁ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ወደ መኪና ባትሪ ዞረ። የመኪና ባትሪ ግን ወሰን የሚያበጅለት የለም። ብልጭታ ታየ፣ የመልቲሜትሩም ፊውዝ ተቃጠለ። መምህሩ ጽሑፉን ይዞልን በመጣ ጊዜ ሠልጣኙን አልወቀሰም፤ በጣቱ ያመለከተው የእኛን ቃል ነበር። ያው ሽቦ ለፈተና ያህል 220 ቮልት ባለበት የግድግዳ ሶኬት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በፊውዝ ላያበቃ ይችል እንደ ነበር ሳይነግረን አልሄደም።

ስሕተቱ የእኛ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በሌሎች ቋንቋዎች እንዴት እንደ ተለያዩ፣ በአማርኛስ ስለ ምን እንደ ተቀላቀሉ ስንመረምር፣ ታሪኩ ለተርጓሚም ሆነ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚጠቅም ሆኖ አገኘነው። በሚከተለው ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 የብረት ዝርግ በብረት ዝርግ ላይ ደርድሮ የመጀመሪያውን ባትሪ ሲያስታውቅ፣ ከመሣሪያው ለሚገኘው ነገር አንድ የጠራ ስም አልነበረውም። «ባትሪ» የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1749 የተደረደሩ የመስተዋት ዕቃዎቹን በመድፍ ረድፍ ስም ጠርቷቸው ነበር። ሁለቱን ነገሮች በቃል የለያቸው አንድሬ ማሪ አምፔር ነው። በ1820 ባቀረበው ጽሑፍ በአንድ በኩል «ቴንሲዮን» ማለትም ውጥረት፣ በሌላ በኩል «ኩራን» ማለትም ፍሰት ብሎ ከፈላቸው። ልብ ሊባል የሚገባው አምፔር ክፍፍሉን ያቆመው በመሣሪያ ላይ መሆኑ ነው። ሽቦው ተቋርጦ ሳለ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ውጥረት የሚያሳየው ኤሌክትሮሜትር ነው፤ ሽቦው ሲገጥም በውስጡ የሚሮጠውን የሚያሳየው ደግሞ የማግኔት መርፌ ያለው መሣሪያ ነው፤ ይህንንም መሣሪያ አምፔር ራሱ «ጋልቫኖሜትር» አለው። እንግዲህ ሁለቱ ቃላት ሲወለዱ ሁለት መሣሪያዎች ነበሯቸው። አንዱን ለማለት ሌላውን ያነሣ ሰው የተሳሳተ መሣሪያ ይዞ ይቆም ስለ ነበር ወዲያው ይታረም ነበር።

ጌኦርግ ሲሞን ኦም በ1827 ሁለቱ ከሦስተኛው፣ በመማሪያ መጻሕፍታችን «ሙግደት» ከተባለው፣ ጋር ያላቸውን ዝምድና በአንድ ሕግ አሰረ። ከዚያ በኋላ የቀረው ለመለኪያዎቹ ስም ማውጣት ነበር፤ ይህም እንደሚመስለን ቀላል አልነበረም። በ1861 ላቲመር ክላርክና ቻርልስ ብራይት የተባሉ የቴሌግራፍ መሐንዲሶች መለኪያዎቹ በታላላቅ ሊቃውንት ስም ይጠሩ ዘንድ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ለውጥረቱ «ኦማ»፣ ለሙግደቱ ግን «ቮልት» የሚል ስም ሰጥተው ነበር። ዛሬ ከለመድነው ጋር ሲነጻጸር ተገልብጧል ማለት ነው። ስሞቹ ዛሬ የምናውቀውን ቦታ በዓለም አቀፍ ደረጃ የያዙት በ1881 በፓሪስ በተደረገው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጉባኤ ነው፤ ቮልት፣ አምፔር፣ ኦም፣ ኩሎምና ፋራድ በዚያ ጸደቁ። ስያሜን በሚመለከት «ቃሉ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል» የሚሉ ሰዎች ይህን ሃያ ዓመት ቢያስቡት መልካም ነው። «ቮልት» በራሱ ስለ ውጥረት የሚናገረው ነገር የለም፤ ውጥረትን እንዲናገር ጉባኤ ተቀምጦ ወሰነለት።

በመሣሪያው ፊት ላይ የሚታዩት ፊደላትም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኦምን በግሪኩ ኦሜጋ ማመልከትን በ1867 ሐሳብ ያቀረበው በኋላ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ የሆነው ዊልያም ፕሪስ ነው፤ ምክንያቱም የድምፅ መመሳሰል ነበር። ሎርድ ኬልቪን ደግሞ የሙግደት ተቃራኒ ለሆነው መጠን «ኦም»ን ከኋላ ወደ ፊት አንብቦ «ሞ» አለው፤ ቀልድ የሚመስለው ይህ ስም በ1971 «ሲመንስ» በይፋ እስኪተካው ድረስ በከበሩ መጻሕፍት ውስጥ ኖሯል።

ሁለቱ መሣሪያዎች ወደ አንድ ሣጥን የገቡት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ዶናልድ ማካዲ የተባለ የብሪታንያ ፖስታ ቤት መሐንዲስ መለኪያዎችን ለየብቻ ተሸክሞ መዞሩ ቢሰለቸው አምፔርን፣ ቮልትንና ኦምን የሚለካ አንድ ዕቃ ፈጠረ፤ ዕቃውም በ1923 ለሽያጭ ቀረበ። ከሦስቱ ስሞች መነሻ ፊደላት «አቮ» የሚል ስም ወጣለት። የለንደኑ ፋብሪካ ስም ዛሬም በቱርክኛና በዐረብኛ የማንኛውም መልቲሜትር መጠሪያ ነው፤ በእኛ አገር «ባጃጅ»ና «ኦሞ» የደረሰባቸው ዕድል ደርሶበታል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አቮሜትር ከወጣ ከሰማንያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ምርቱ ቆመ።

በዚህ ሣጥን ውስጥ የሚሠራው ነገር ለቃል ተመራማሪ ትኵረት የሚገባው ነው። መርፌ ባለው መልቲሜትር ውስጥ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ምንጊዜም ፍሰት ነው፤ ቮልት ለማንበብ ከፍተኛ ሙግደት በመንገዱ ላይ ይጨመርና ፍሰቱ እጅግ ያንሳል። ከ1950ዎቹ ወዲህ በመጣው በአኀዝ በሚያሳየው መልቲሜትር ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ በመሠረቱ የሚነበበው ቮልት ነው፣ አምፔር የሚታወቀውም እጅግ አነስተኛ በሆነ ሙግደት ላይ ከሚገኘው ቮልት ነው። በሁለቱም ዐይነት፣ ቀዩ ሽቦ በአምፔሩ ቀዳዳ ከገባ መልቲሜትሩ ለኤሌክትሪኩ እንደ ተራ የሽቦ ቁራጭ ይሆናል። የአምፔር ዘመን ሁለት መሣሪያዎች አልጠፉም፤ ወደ ሁለት ቀዳዳዎች ጠበቡ እንጂ። በዐይን ይታይ የነበረውን ልዩነት ዛሬ የተሸከመው ቃል ብቻ ነው።

አማርኛችን ወደዚህ ታሪክ የገባው በሌላ በር ነው። «ኮረንቲ» የጣልያንኛው «ኮሬንቴ» ሲሆን ትርጉሙ ሯጭ፣ ፈሳሽ ማለት ነው። «ስፒና»ም ከዚያው ቋንቋ ነው። ጣልያንኛ ለውጥረቱ «ቴንሲዮኔ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ሆኖም እኛ የተዋስነው አንዱን ብቻ ነው፤ ሠራተኛውና የቤቱ ባለቤት የሚፈሩት ነገር አንድ ስለ ነበረ አንድ ስም በቃቸው። የቀረውን ከራሳችን ጓዳ አወጣን፤ ኃይሉን በጠቅላላው «መብራት» አልነው፣ እንጀራ የሚጋገርበትም ቢሆን መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ ይባላል፤ የእጅ መብራቱን «ባትሪ» ብለን በውስጡ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ» አልነው። ከእነዚህ አንዱም የሚነቀፍ አይደለም።

እንዲያውም «ኮረንቲ ያዘው» የሚለውን አነጋገር የሕክምና ሰዎች ቢመረምሩት ትክክለኛነቱን ይመሰክራሉ። ተለዋዋጭ ፍሰት በእጅ ሲያልፍ ጡንቻን ጨምድዶ እጅ ሽቦውን እንዳይለቅ ያደርጋል፤ ይህም የሚጀምረው ከ10 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። የሚይዘው በእርግጥ ፍሰቱ ነው፤ ፍሰቱን በሰውነት ውስጥ የሚነዳው ግን ቮልቴጅ ነው። ሕዝቡ ቃሉን ከያዘበት ቦታ አላስተም፤ ያሳተው ተርጓሚው ነው፣ ቃሉን ወደ ባትሪና ወደ ሶኬት ወስዶ «ስንት ኮረንቲ አለው?» ያሰኘው።

ስለዚህ መማሪያውን ስናርም «ኮረንቲ»ን አላባረርንም። ለሚሮጠው ነገር ብቻ እንዲያገለግል አጠበብነው፤ ለሌላው «ቮልቴጅ»ን ወሰድን። «ግፊት» የሚለውን ያቀረቡልን ነበሩ። የእንግሊዝ መሐንዲሶችም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአቻው ይጠቀሙ ነበር፤ ይሁን እንጂ በአማርኛ ግፊት የደምና የአየር ሆኖ ጸንቷል፣ ለማስረጃ ካልሆነ በቀር ለስያሜ አይመችም። ከስሙ ይልቅ ግን ብዙ ያደከመን ከስሙ ጋር የሚሄደው አገባብ ነው። ቮልቴጅ ምንጊዜም በሁለት ነጥቦች «መካከል» ነው፤ ኮረንቲ ምንጊዜም በአንድ ነገር «ውስጥ» ያልፋል። «የባትሪው ቮልቴጅ» ከማለት «በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ» ማለት ይረዝማል፤ ነገር ግን ሠልጣኙ ሁለቱን የመልቲሜትር ጫፎች ወዴት እንደሚያሳርፍ ይነግረዋል። «በአምፖሉ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ» ሲባልም፣ ለመለካት መንገዱ መቋረጥና መልቲሜትሩ በተቋረጠው ስፍራ መግባት እንዳለበት ሐረጉ ራሱ ያሳያል። መጻሕፍቱ «በትይዩ»ና «በተከታታይ» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ብቻ «ትይዩ» በዕለት ንግግር ፊት ለፊት ማለት ስለ ሆነ ለጀማሪ ማስረዳት ያስፈልጋል።

የፓወር ሳፕላዩ ክፍል ሌላ ችግር ነበረበት። በመጀመሪያው ትርጉም፣ ኮረንቲውን ግማሽ አምፔር አድርግ፣ ብለን ነበር። ይህ አነጋገር መሣሪያው ግማሽ አምፔር በግድ የሚሰጥ ያስመስለዋል። መሣሪያው የሚሰጠው የተያያዘው ዕቃ የሚስበውን ያህል ነው፤ እኛ የምናበጀው ከዚያ እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ «የኮረንቲ ወሰን» አልን። ወሰኑን በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ለማበጀት ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ሁለቱን የመውጫ ሽቦዎች ሆን ብሎ ማነካካት ይጠይቃል። ለዚህ ድርጊት ጠጋኞች ያላቸው ቃል «ኮንታክት» ነው፤ በአማርኛ ግን ኮንታክት ቤት የሚያቃጥል ነገር ሆኗል፣ ሠልጣኙም ሲያነበው እጁን ይሰበስባል። «ሁለቱን ጫፎች አነካካ፣ የኮረንቲውን ወሰን ወስን፣ መልሰህ ለያያቸው» ብለን አለፍነው።

የታረመው ጽሑፍ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ይሰጣል። መውጫው እንደ ተዘጋ የኮረንቲው ወሰንና ቮልቴጁ ይወሰናሉ። ጥቁሩ የመልቲሜትር ሽቦ «ኮም» በሚለው፣ ቀዩ የቮልት ምልክት ባለበት ቀዳዳ ይሰካል፤ ማዞሪያው ከሚጠበቀው በላይ ባለው እርከን ላይ ይቆማል። በፓወር ሳፕላዩ ሁለት መውጫዎች መካከል ያለው ቮልቴጅ የሚሠራው ዕቃ ሳይያያዝ ይነበባል። ከዚያ መውጫው ይዘጋል፣ ዕቃው ይያያዛል፣ እንደ ገና ይከፈታል። ሽቦው ወደ አምፔሩ ቀዳዳ ከተዛወረ ከልኬቱ በኋላ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሙግደት ኃይል ባለበት አይለካም፤ መልቲሜትሩ ለዚህ የሚጠቀመው የራሱን ባትሪ ነውና።

አንድ ቃል ብቻ ሳንቈርጥ ቀረን። በፓወር ሳፕላዩ ፊት በብዛት ሦስት መውጫዎች ይታያሉ፤ ቀዩ አዎንታዊ፣ ጥቁሩ አሉታዊ፣ አረንጓዴው ደግሞ ከመሬት ጋር የተያያዘው ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ጥቁሩን «መሬት» ይለዋል፤ በመኪና ላይ አሉታዊው ጫፍ ከአካሉ ብረት ጋር የታሰረ ስለ ሆነ አያሳስተውም። በጠረጴዛው ላይ ጥቁሩና አረንጓዴው በብረት ቁራጭ ካልተያያዙ በቀር አንድ አይደሉም። «መሬት»ን ለአረንጓዴው ብቻ ማስቀረት ይገባናል ባንል፣ ለመኪናው ሠራተኛ የለመደውን የሚተካ ምን ቃል እንስጠው? ለጊዜው በጽሑፋችን ጥቁሩን «አሉታዊው መውጫ» ብለን፣ ከሥሩ «በመኪና ሥራ መሬት የሚባለው» የሚል ሐረግ አክለንበታል።