በመገናኛ መሥመር ላይ ብልሽትን የመፈለግ ታሪክ፤ ከቴሌግራፍ ሽቦ እስከ ሞድባስ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጎተቱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዘመቻ የናፒዬር ጦር ከዙላ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ግን ወሬ የሚደርሰው በመልእክተኛ እግር ነው። መልእክተኛ ቢዘገይ ሰው ልኮ ማስፈለግ ይቻላል። ሽቦ ዝም ሲል ግን ብልሽቱ ያለበት ስፍራ በምን ይታወቃል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ በየጊዜው የተሰጠውን መልስ መመርመር ነው።

በ1858 በአትላንቲክ ባሕር ሥር የተዘረጋው ኬብል ምልክቱ ሲደክም፥ ዋይልድማን ኋይትሃውስ ምክንያቱን ሳይለይ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። አስቀድሞም በአሠራሩ ጉድለት የነበረበት ኬብል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጨርሶ ሞተ። ዊልያም ቶምሰን በበኩሉ እጅግ ደካማውን ምልክት በመስተዋት የሚያሳይ መለኪያ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መለካት ከመጠገን ቀደመ። ለምሳሌ የአንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ ተቃውሞ 10 ኦም ቢሆንና መሬት የነካው ሽቦ 430 ኦም ቢያሳይ፥ ንክኪው ጥሩ እስከሆነ ድረስ ብልሽቱ በ43ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ፥ የሐረርና የአዲስ አበባ መሥመር ተዘረጋ፤ በ1952ም የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። መሥመር ሲረዝም ብልሽትን የመፈለግ ድካምም አብሮ ይረዝማል።

በ1979 ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞድባስን ሲያወጣ፥ በመሥመር የሚነጋገሩት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የፋብሪካ መሣሪያዎችም ሆኑ። ሕጉ ቀላል ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፥ ከ1 እስከ 247 ባለው አድራሻው የተጠራው መሣሪያ ይመልሳል። የመፈተኛው ሶፍትዌር በጠያቂው ቦታ ተተክቶ አንድ ጥያቄ ይልክና መልሱን ቁጥር በቁጥር ያሳያል። ፈጽሞ ዝምታ ከሆነ ሽቦው፥ ፍጥነቱ ወይም አድራሻው ይመረመራል። መልሱ ደርሶ የማረጋገጫ ቁጥሩ ካልገጠመ በመሥመሩ ላይ ሁከት መኖሩ ይጠረጠራል። በ3ኛው ትእዛዝ ተጠይቆ 131 ብሎ ከመለሰ ግን መሣሪያው ሰምቶ እምቢ ማለቱ ነው፤ በትእዛዙ ላይ 128 መጨመሩ የእምቢታ ምልክት ነውና። እንዲህ ሲሆን ሽቦውም አድራሻውም ደኅና ናቸው፤ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ በጥያቄው ውስጥ ነው፥ አንዳንዴም በመሣሪያው በራሱ።

እነዚህን ሦስት መልሶች መለየት ለሩቅ አገር ታላቅ ቁም ነገር ነው። በስማዳ ወይም በእስቴ የአንድ የውሃ ፓምፕ መቈጣጠሪያ ቢቆም፥ ሳይፈትኑ ዕቃ መለወጥ የኋይትሃውስን ሥራ መድገም ነው፤ አዲሱ ዕቃ ከሩቅ እስኪመጣ ሕዝቡ ውሃ ያጣል፥ ሲመጣም ብልሽቱ በሽቦው ላይ ሊገኝ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መሣሪያ ግን በሽታውን አይደብቅም፥ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል እንጂ። ስለዚህ መሣሪያ በሚተከልበት አገር ሁሉ መጠየቁን የሚያውቅ የአገር ልጅ አብሮ ሊሠለጥን ይገባል።