አየሩን የሚሞላው ባለእጅ

ፍሬ የሌለውን ነገር «አየር ነው» ብሎ ማናናቅ ልማዳችን ነው። ወሬው አየር፣ ተስፋው አየር፣ የባለሥልጣኑ ቃል አየር። አገሩ ሁሉ የሚጓዘው ግን በዚሁ በናቅነው አየር ላይ ነው። ሲኖትራኩም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ ብስክሌቱም። እንዲያውም ሻል ባለው የተራራ ብስክሌት ላይ ዛሬ አየር የሚሞላው ጎማው ብቻ አይደለም፤ የፊት ጎማውን አቅፎ የያዘው ሹካም አየር ይሞላል። በዚህ ሹካ ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። ታሪኩ ከቤልፋስት ተነሥቶ፣ በካሊፎርኒያ አልፎ፣ ወላይታ በዴሳ እስኪደርስ ድረስ በየጣቢያው የምናገኘው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ እጁን ግራሶ የነካው ሰው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። አየርን ጎማ ውስጥ የማሰር ሐሳብ መጀመሪያ የመጣው ለሮበርት ዊልያም ቶምሰን ነው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1845 ለፈረስ ጋሪ ብሎ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ነገር ግን ጎማው ውድ ነበረ፣ ገበያም አላገኘም፤ ተረሳ። ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ቤልፋስት ውስጥ የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ነገሩን እንደገና አገኘው። ይህ ሰው መሐንዲስ አልነበረም። የከብት ሐኪም ነበረ።

ትንሹ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነበረው። ጎማው ድፍን ስለነበረ በቤልፋስት ድንጋይ መንገድ ላይ ልጁን ያንገጫግጨዋል። አባት ቀጭን የጎማ ቱቦ አበጀ፣ በእንጨት ክብ ዙሪያ አሰረው፣ አየር ነፋበት። ከዚያ ድፍኑንም ባለአየሩንም በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። ድፍኑ ቶሎ ወደቀ፤ ባለአየሩ ርቆ ሄደ። በማግሥቱ ዓመት ዊሊ ሂዩም የተባለ ተወዳዳሪ በዚህ ጎማ ሽቅድምድም ማሸነፍ ሲጀምር፣ መጀመሪያ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ጎማ ፈላጊ ሆነ። የደንሎፕ የፈጠራ መብት በኋላ የቶምሰን ቀዳሚነት ሲታወቅ ተሰርዟል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ጎማ ላይ አለ።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሻገር። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ባለው የማሪን አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ወፍራም ጎማ ያላቸው አሮጌ ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ ከተራራ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። በ1976 ያካሄዱት ውድድር «ሪፓክ» ተባለ። ስሙ የመጣው ከጥገና ነው። የብስክሌቶቹ ፍሬን የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከግለቱ የተነሣ ግራሶው ጨሶ ያልቃል፤ ለሚቀጥለው ዙር ፈትቶ እንደገና ግራሶ መጠቅጠቅ ግድ ነው። «መልሶ መጠቅጠቅ» ማለት ነው ስሙ። እስቲ አስቡት፣ በዓለም ላይ ስንት ውድድር በንጉሥ፣ በጀግና፣ በከተማ ስም ይጠራል? የተራራ ብስክሌት እናት ውድድር ግን የተጠራው በግራሶ ነው።

ወጣቶቹ ብስክሌቱን አጠንክረው ሠሩት፤ የእጅ አንጓቸውና ክርናቸው ግን አልተረፈም። ለድንጋይ መንገድ የጎማ አየር ብቻውን አልበቃም። መፍትሔውን ይዞ የመጣው ፖል ተርነር ነው። ይህ ሰው ቀድሞ የሆንዳ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ሜካኒክ ነበረ። ሞተር ብስክሌት በጉድጓድ ላይ ሲሄድ ሹካው እንዴት እንደሚተነፍስ በእጁ ያውቃል። ከስቲቭ ሲመንስ ጋር ሆኖ በ1989 ሮክሾክስ አርኤስ ዋን የተባለውን ሹካ ለገበያ አወጣ። በውስጡ እንደ ሞላ የሚሸከም አየርና እንደ ፍሬን የሚያዘገይ ዘይት ነበረው። የሚሰምጠው 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ1990 በኮሎራዶዋ ዱራንጎ የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ የቁልቁለቱን ውድድር ግሬግ ኸርቦልድ በዚህ ሹካ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያለሹካ ተራራ የሚወርድ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ልብ በሉ። ከደንሎፕ ጎማ እስከ ተርነር ሹካ 101 ዓመት ነው። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ብስክሌትን ወደፊት የገፉት የከብት ሐኪም፣ ግራሶ ጠቅጣቂ ወጣቶችና የሞተር ሜካኒክ ናቸው። አንዳቸውም ዕቃውን በመስታወት ውስጥ አይተው አይደለም ያሻሻሉት፤ ሲጠግኑት ነው።

እኛስ ጋ? የእኛ የጥገና ታሪክ በመጽሐፍ ብዙ አልተጻፈም፤ በቋንቋችን ግን ታትሟል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ። ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ የመፍቻው ቋንቋ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ያስቀሩት ምሁራን አይደሉም። መፍቻ አቀብል እየተባሉ፣ በጥፊ እየተመቱ የተማሩ ልጆች ናቸው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል እነ ገረመው ደምቦባ የተባሉ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በቡድን የመንገድ ውድድር 9ኛ ወጥተው ተመለሱ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የጋላቢዎቹን ስም እናነሣለን፤ ይገባቸዋልም። ጎማቸውን ሲነፋ፣ ፍሬናቸውን ሲያጠብቅ ያደገውን ሰውስ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት በዴሳ ባየሁት ነገር ነው። በዴሳ ስል የሐረርጌዋን ማለቴ አይደለም፤ በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ነው። ከሶዶ በስተምሥራቅ፣ አገሩ ከዳሞታ ተራራ ወደ ብላቴ ቆላ ሲወርድ ትገኛለች። መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። የሞተርና የባጃጅ ጎማ የሚጠግን ወጣት ይሠራበታል። አንድ ጎልማሳ መምህር ከውጭ በሰው የመጣለትን ያገለገለ የተራራ ብስክሌት እየገፋ መጣ። የፊት ሹካው እስከ ታች ተቀምጧል። «አየር ጨምርበት» አለው፣ ኮምፕሬሰሩን እያሳየ።

ወጣቱ ኮምፕሬሰሩን አልነካም። ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «መምህር፣ እርስዎ ስንት ኪሎ ነዎት?» አለ።

መምህሩ ሳቀ። «ብስክሌት ባመጣ እኔን ልትመዝነኝ ነው እንዴ?»

ልትመዝነኝ ነው እንዴ ያለው እውነት ሆነ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ባለሞላ ሹካ ለከባድ ሰው እንዲሆን ከተፈለገ ሞላው ራሱ መለወጥ አለበት። የአየር ሹካ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ አየሩን በመጨመርና በመቀነስ ለጋላቢው ክብደት ይሰፋል፣ እንደ ልብስ። ኮምፕሬሰር ግን ለዚህ አይሆንም። በሹካው ውስጥ ያለው ክፍል ጠባብ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ በአፍታ ከልክ ያሳልፈዋል፤ ውስጡን ያበላሻል። ወጣቱ ከሐዋሳ የብስክሌት ጠጋኞች ያገኛትን ትንሽ ባለሰዓት ፓምፕ ከሣጥኑ አወጣ። በግራው እግር አናት ላይ ያለውን ክዳን ፈትቶ ገጠማት። ለጎማ 2 ወይም 3 ባር ይበቃል፤ ሹካው ግን እንደ ዓይነቱና እንደ ጋላቢው ከ4 እስከ 7 ባር ይፈልጋል። ሞላና ሹካውን ደጋግሞ ተጫነው፤ አየሩ ወደ ታች ወደሚገፋው ትንሽ ክፍል እንዲደርስ ነው። ቀጥሎ በሚንሸራተተው ቱቦ ላይ ክር አሰረ። መምህሩን ከነቦርሳው በቀስታ አስቀመጠው፣ በቀስታ አስወረደው። ክሩ የተገፋበትን ለካ። ሹካው በጠቅላላ 100 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ ከሆነ፣ ሰው ሲቀመጥበት ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ከዚያ ካነሰ ድንጋይ ነው፤ ከበዛ ጉድጓድ ላይ መሬት ይመታል።

ፓምፑን ሲነቅል «ጭስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መምህሩ ደነገጠ። «ወጣ እኮ!» ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። የወጣው በፓምፑ ቱቦ ውስጥ የቀረው አየር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንደገና ይገጥማል፣ እንደገና ይጨምራል፣ እንደገና ይደነግጣል።

ከታች በኩል ቀይ ማዞሪያ አለ፤ ጥንቸልና ኤሊ የተሳለበትም ይኖራል። ሹካው ከሰመጠ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት ይወስናል። ጥንቸሉ ከበዛ ሹካው እንደ ኳስ ይነጥራል፣ መሪውን ከእጅ ይቀማል። ኤሊው ከበዛ ደግሞ ከአንዱ ጉድጓድ ሳይነሣ ሌላው ይደርስበትና እየተጨመቀ ይቀራል። ልኩ መሃል ነው።

ሹካ ሲታመም ምልክት ያሳያል። ያደረ አየር ጠዋት ከጎደለ ቫልቩ ላይ የሳሙና ውኃ ማድረግ ነው፤ አረፋ ካወጣ ውስጡን ጠበቅ ማድረግ፣ ካላወጣ ጎሚኒው አልቋል። ቱቦው ላይ ዘይት ከታየ አቧራ ጎሚኒውን በልቶታል ማለት ነው። አየር እያለው ወደ ታች ተስቦ የማይመለስ ከሆነ አየሩ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው አምልጧል። የፊት ፍሬን ይዘው ብስክሌቱን ሲወዘውዙት ቋ ቋ ካለ ወይ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል፣ ወይ በውስጡና በውጭው ቱቦ መካከል ያለው ቀለበት ተበልቷል። ቆላ ላይ የተዘጋ ሹካ ወደ 2000 ሜትር ግድም ሲወጣ ደግሞ፣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ በታችኛው እግር ውስጥ የታሰረው አየር ይወጠርና ሹካው እስከ መጨረሻው አልሰምጥ ይላል። ከባሕር ጠረፍ መጥቶ ደጋ ለሚወጣ ብስክሌት ይህ ተራ ነገር ነው። ሳይበላሽም ቢሆን፣ እንደ ሠሪው፣ ከ50 እስከ 125 ሰዓት በተጋለበ ቁጥር ታጥቦ ዘይቱ መቀየር አለበት። አቧራ ባለበት አገር ከዚያም ቀደም ይላል። ገበያ ላይ «የአየር ነው» ተብሎ የሚሸጥላችሁን ሁሉ ደግሞ አትመኑ። አናቱ ላይ ቫልቭ ከሌለው በውስጡ ያለው ሞላ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሁላችሁም ሹካ ጠጋኝ ሁኑ ለማለት አይደለም። የአንድ ጎሚስታ ቤት ልጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ ላሳያችሁ ነው። ክብደት፣ ግፊት፣ የአየር መሳሳት፣ የዘይት ባሕርይ። በትምህርት ቤት ፊዚክስ ይባላል፤ መንገድ ዳር ሲሆን ግን ስም የለውም።

የባለእጅ ንቀታችን የቆየ ነው። ወላይታ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩት ጭናሻ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ዎጋቼ፣ ቆዳ የሚያለፉት ደጋላ እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። በሸክላው ይበላ ነበር፤ ከሠሪው ጋር ግን አይበላም። በደጋው አማራም ቀጥቃጩ ቡዳ ተብሎ ሲፈራ፣ በማረሻው ግን ሲታረስ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ንጉሥ አዋጅ የሚያወጣው የሌለ ነገር ለመከልከል አይደለምና፣ ስድቡ ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል። ስድቡ ዛሬ መልኩን ለውጧል። ልጃችን ሲሰንፍ «ካልተማርክ ጎሚስታ ትሆናለህ» እንለዋለን። እንዲህ ብለን ስናበቃ ጎማችን ሲተነፍስ እንዲያ ያልነውን ሰው ፍለጋ እንሮጣለን።

ዕቃ ከውጭ ይገባል። ብስክሌቱ፣ ሞተሩ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ የሆስፒታሉ መሣሪያ። ልኩን የሚያውቀው እጅ ግን በኮንቴይነር አይመጣም። እዚሁ ይበቅላል፤ የሚበቅለውም ሲከበር፣ ፓምፕና መለኪያ ሲኖረው፣ የሥራው ዋጋ ሳይከራከሩ ሲከፈለው ነው። ይህ በማይሆንበት አገር ውድ ዕቃ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ አየሩ ይወጣና ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።

ደንሎፕ የእኛ ሰፈር ሰው ቢሆን ኖሮ «ሐኪም ሆኖ ጎማ ይነካካል? ምን ነካው?» ተብሎ ይታማ ነበር። ተርነርም «ያ ሜካኒክ» እየተባለ ያረጅ ነበር። እነርሱን ያተረፋቸው ከእኛ ልጆች የተለየ ጭንቅላት ስለነበራቸው አይመስለኝም። እጃቸው የሚያውቀውን የሚሰማ ሰው ስላገኙ ነው። የእኛዎቹን ለመስማት ፈረንጅ ቀድሞ እስኪሰማቸው መጠበቅ የለብንም።