ፍጥነትን የገዛው ሙቀት፦ ላፕቶፕ በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ



የኮምፒውተር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ፍጥነት ታሪክ ነው። በዛሬው ገለጻዬ ይህንኑ ታሪክ ከሙቀት ወገን እመለከተዋለሁ። መነሻዬ ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ነው። አንድ ረጅም የትምህርት ቪዲዮ በላፕቶፕ ላይ ኢንኮድ ሲደረግ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሥራው ይፈጥናል፤ ከዚያ ፋኑ ይጮኻል፣ የመሣሪያው ታችኛው ክፍል ይግላል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ብዙዎች ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥሩታል። ነገር ግን ብልሽት ሳይሆን ረጅም ታሪክ ያለው ስምምነት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ፣ ቪዲዮ ኢንኮድ ማድረግ ይህን ያህል የሚያሞቀው ለምንድን ነው? ባለ 1920 በ1080 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ያለው ምስል በተለመደው የቀለም አመዘጋገብ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ፣ አንድ ሰዓቱ 280 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ኢንኮደሩ እያንዳንዱን ፍሬም በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ካሬ በሌሎች ፍሬሞች ውስጥ የት እንደሚገኝ ይፈልጋል፤ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ጽሑፍ ስንጽፍ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይጠብቀናል፤ በዚህ ፍለጋ ግን አንድም ክፍሉ አያርፍም። በ2003 የወጣው ኤች 264 እና በ2013 የተከተለው ኤች 265 ፋይሉን ይበልጥ ያሳነሱት ፍለጋውን በማብዛት ነው። ለመጨመቁ የተከፈለው ዋጋ ስሌት ነው፤ የስሌት ዋጋ ደግሞ ሙቀት ነው።

ይህ ዋጋ ከመጀመሪያው አንሥቶ ነበረ። በ1946 በፊላዴልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ የቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል ይወስድ ስለነበር ያለ ማቀዝቀዣ ነፋስ መሥራት አይችልም ነበር። በ1947 መጨረሻ በቤል ቤተ ሙከራ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ይህን ሸክም አቀለለው። ጎርደን ሙር በ1965 በታወቀው ጽሑፋቸው በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች እየበዙ እንደሚሄዱ ሲተነብዩ፣ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ የሚፈጠረውን ሙቀት ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል፤ መልሳቸውም ይቻላል የሚል ነበር።

ይህን መልስ በስሌት ያጸናው በ1974 የአይ ቢ ኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ነው። ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ እንዲያንስ ከተደረገ፣ በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው የሙቀት መጠን አይጨምርም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ፍጥነት ያለ ብዙ መሥዋዕትነት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሕጉ ያልበቃቸው የዘመኑ ግዙፍ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ሰርኪዩቶቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ይሠሩ ነበር።

በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ግን ቮልቴጅን ከዚህ በላይ ማውረድ አልተቻለም። ትራንዚስተሮቹ እጅግ ከመቅጠናቸው የተነሣ ተዘግተው ሳለ እንኳ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ጀመሩ። በ2001 ከኢንቴል የቴክኖሎጂ መሪዎች አንዱ የነበሩት ፓት ጌልሲንገር፣ አካሄዱ ካልተለወጠ ቺፖች በአንድ ስፋት የሚያመነጩት ሙቀት የኑክሌር ማብለያን መጠን እንደሚደርስ አስጠነቀቁ። በ2004 መጀመሪያ የወጣው ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 በሙቀቱ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ኢንቴል ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የያዘውን ዕቅድ ሰረዘ።

መውጫው የተገኘው ከላፕቶፕ ነው። በእስራኤል፣ በሃይፋ የሚገኘው የኢንቴል ቡድን በ2003 ለገበያ የቀረበውን ፔንቲየም ኤም ሲነድፍ፣ በቀጭን ሳጥን ውስጥ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ከቁጥር በላይ የሆነ ሙቀት መሸከም እንደማይችል ከጅምሩ ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ የሰዓት ምቱን ከማፋጠን ይልቅ በእያንዳንዱ ምት የሚከናወነውን ሥራ አበዛ። በ2006 የወጡት ኮር 2 ፕሮሰሰሮች በዚህ አስተሳሰብ ላይ ተመሠረቱ፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮችም ወደዚያው ተመለሱ። በሙቀት እጅግ የተጨነቀው መሣሪያ ለሌሎቹ መንገድ አሳየ።

ላፕቶፕ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ብልሃትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1963 ጆርጅ ግሮቨር በሎስ አላሞስ የሠሩት የሙቀት ቱቦ ዛሬ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛል። በታሸገው የመዳብ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ በጋለው ጫፍ ይተናል፣ በቀዝቃዛው ጫፍ እንደ አረቄ ጠብታ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስብ የቱቦው ውስጠኛ ገጽ ወደ ጋለው ጫፍ ይመልሰዋል። ቱቦው ሙቀቱን ወደ ፋኑ ያደርሳል እንጂ አያጠፋውም፤ የመጨረሻው ተቀባይ አየር ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የእኛም ይሆናል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለሆነም በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሽከረከር ፋን የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት ያነሰ ነው። ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ ይህን በከፊል ያካክሳል፤ አቧራና ላፕቶፕን ጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት ግን ትርፉን ያስቀሩታል።

ወደ መነሻችን እንመለስ። ፕሮሰሰሩ ለጥቂት ጊዜ ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል፤ ወደ ሙቀት ወሰኑ ሲደርስ፣ ይህም በብዙ ላፕቶፖች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ራሱን ያዘገያል። በማስታወቂያ የምናነበው ከፍተኛ ፍጥነት ለአጭር ሥራ እውነት ነው፤ ለአንድ ሰዓት ኢንኮዲንግ ግን እውነቱ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፍጥነት ነው። የሚባክነው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ስለሚያድግ የመጨረሻዋ የፍጥነት ጭማሪ እጅግ ውድ ናት፤ ፍጥነቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ሙቀቱን በብዙ ይቀንሳል።

ሌላው መንገድ ለኢንኮዲንግ ብቻ የተሠራ ሰርኪዩት ነው። ኢንቴል በ2011 መጀመሪያ ኩዊክ ሲንክን በፕሮሰሰሩ ውስጥ አካተተ፤ በ2020 የወጣው ባለ ኤም 1 ማክቡክ ኤር ደግሞ እንዲህ ያለ ሰርኪዩት ይዞ ያለ ፋን ቀረበ። እንዲህ ያለው ሰርኪዩት በጥቂት ኃይል ፈጥኖ ይሠራል፤ ነገር ግን በጥንቃቄና በዝግታ የሚሠራ የሶፍትዌር ኢንኮደር በተመሳሳይ ጥራት ብዙውን ጊዜ ያነሰ ፋይል ያወጣል። አንድ ጊዜ ተጨምቆ በውድ ኢንተርኔት ሺህ ጊዜ ለሚወርድ ትምህርት ዝግታው ሊያዋጣ ይችላል፤ ለነገ ጠዋት ለሚፈለግ ቅጂ ላያዋጣ ይችላል።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሎቻችን መሣሪያ ስንመርጥ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ከማለታችን በፊት «ምን ያህል ሙቀት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው አየር ውስጥ ሊያስወግድ ይችላል?» ብለን እንጠይቅ። ከኤኒያክ ጀምሮ የኮምፒውተር ነዳፊዎች ሁሉ የተፈተኑት በዚህ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።