ከአገሩ የቀደመ መዝገበ ቃላት

ጃኮብ ግሪም በ1863 ሲሞት እየሠራበት የነበረው ቃል «ፍሩኽት» ነው፤ ፍሬ ማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እሱና ወንድሙ ቪልሄልም የጀርመንኛን ቃላት ከነታሪካቸው እንመዘግባለን ብለው የተነሱት በ1838 ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ የደረሱት «ኤፍ» ፊደል ላይ መሆኑ ነው። ጉዱ ግን ሌላ ነው፦ ሁለቱም ሲሞቱ ጀርመን የሚባል መንግሥት ገና አልተፈጠረም።

ያኔ የነበረው 39 ገደማ መንግሥታትና ነፃ ከተሞች የተሰባሰቡበት ልል ኅብረት ነው። ፕሩሲያ የራሷ ንጉሥ አላት፣ ባቫሪያም አላት፣ ሃምቡርግ ራሷን የቻለች ከተማ ናት። ሰሜኑ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት፣ ደቡቡ በአብዛኛው ካቶሊክ። ታዲያ እነዚህን ሁሉ «ጀርመን» የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? የቀረው ቋንቋ ነው። እሱም ቢሆን አገር ባቋረጥክ ቁጥር ይለዋወጥ ነበር፤ የጋራ የጽሑፍ ጀርመንኛ እንዲሰፋ ትልቅ ድርሻ የነበረው ሉተር በ1522 ያሳተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም ነው።

ወንድማማቾቹ ይኖሩባት የነበረችው ካሰል በ1807 ናፖሊዮን ለታናሽ ወንድሙ ለዤሮም የፈጠረለት መንግሥት ዋና ከተማ ሆነች። ጃኮብም የዚሁ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ እንጀራውን በላ። በዚያው ዘመን ግን ከወንድሙ ጋር ተረት ይሰበስብ ነበር። የፈረንሳይ ጦር ያልያዘው አንድ ነገር ቢቀር ለልጅ የሚወራ ተረት ነው ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ቅጽ በ1812 ወጣ።

ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ቆብ የደፋችውን ልጅና የተኩላውን ተረት የነገሯቸው የሃሰንፍሉግ እህትማማቾች፣ በእናታቸው በኩል ከሃይማኖት ስደት አምልጠው ከፈረንሳይ የመጡ ፕሮቴስታንቶች ዘር ናቸው። ተረቱንም ሻርል ፔሮ የተባለ ፈረንሳዊ በ1697 አሳትሞታል። ከሁሉ በላይ የተመሰገነችው ተረት ነጋሪ ደግሞ ዶሮቴያ ፊማን ናት፤ የልብስ ሰፊ ሚስት፣ ካሰል ላይ አትክልት የምትሸጥ ሴት። የእሷም የአባት ዘር ከፈረንሳይ ስደተኞች ይመዘዛል። መጽሐፉ ግን የሄሰን ምድር ያበቀላት ገበሬ አድርጎ አቀረባት። ብዙ ሰው ይህን ማጭበርበር ይለዋል፤ እኔ ግን አልለውም። ሴትዮዋ ካሰል አጠገብ ተወልዳ፣ በጀርመንኛ ተርታ፣ እዚያው ሞተች። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅባታል?

ጃኮብ ራሱ መለኪያውን በ1846 ፍራንክፈርት ላይ በተደረገ የምሁራን ጉባኤ ተናግሮታል፦ ሕዝብ ማለት አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በዚያው ከተማ በተሰበሰበው ብሔራዊ ጉባኤ ተወካይ ሆነ። እዚያም አንድ አንቀጽ አቀረበ፦ የጀርመን ምድር ባርነትን አይታገሥም፣ ነፃነት የሌለው የውጭ ሰው ቢኖርበት ነፃ ይወጣል የሚል። ሳይጸድቅ ቀረ። ጉባኤውም በ1849 ተበተነ።

አገሩ የመጣው በጦርነት ነው። ጃንዋሪ 18 ቀን 1871 ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ የፕሩሲያው ንጉሥ ቄሳር ተባለ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ኦስትሪያውያን ውጭ ቀሩ፤ አልሳስ ግን «ቋንቋቸው የኛው ነው» ተብሎ፣ ነዋሪው ሳይጠየቅ ተጠቃለለ። በምሥራቅ በኩል ፖላንዶች ነበሩ። በ1901 ቭዤሽኛ በምትባል ከተማ ሃይማኖት በጀርመንኛ አንማርም ያሉ የፖላንድ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ተገረፉ። ለዶሮቴያ በር የከፈተው መለኪያ ለነዚህ አለንጋ ሆነ።

ከዚያ ቋንቋውም ተረሳ። የ1913ቱ ሕግ ዜግነትን ከዘር ሐረግ ጋር አሰረው። በ1935 ደግሞ ናዚዎች አፋቸውን በጀርመንኛ የፈቱ አይሁዶችን የዜግነት መብት ነጠቁ። እነ ሃይንሪኽ ሃይነን ባፈራ ቋንቋ!

መዝገበ ቃላቱስ? በ1961 አለቀ፤ 32 መጻሕፍት ሆኖ። የጨረሱት ምሥራቅ በርሊንና ምዕራብ ጀርመን ጎቲንገን ሆነው ሥራውን የተካፈሉ ምሁራን ናቸው። በዚያው ዓመት የበርሊን ግንብ ተሠራ።

የ1913ቱ የዘር መርህ ግን ከሁለቱም ጦርነቶች ተርፏል። እስከ 1999 መጨረሻ ድረስ ፍራንክፈርት ላይ ከኢትዮጵያዊ ወላጆች የተወለደ ልጅ፣ ቤት በአማርኛ ቢቆጡትም ሕልሙን በጀርመንኛ ቢያይም፣ በሕጉ የውጭ ዜጋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከካዛክስታን የመጣ ሰው ግን፣ ከሩሲያኛ በቀር ባያውቅ እንኳ፣ ዘሩ ጀርመን ከሆነ ጀርመን ተብሎ መግባት ይችል ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ ግን፣ ከወላጆቹ አንዱ ስምንት ዓመት በሕጋዊነት ከኖረ (በ2024 ወደ አምስት ወርዷል)፣ እዚያ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ጀርመን ነው።

ወላጆቹ ግን ዜግነት ከፈለጉ ቢ1 የሚባለውን የጀርመንኛ ደረጃ ማሟላት አለባቸው። ጃኮብ ግሪም ቢኖር፣ ፈተናውን ራሴ ካላረምኩ የሚል ይመስለኛል።